ከወላይታ ቀይ አፈር እስከ ሞታ ዋሻ፦ የአንድ የስሌት መንገድ ታሪክ

ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ተነሥቶ ወደ አባያ ሐይቅ በሚያዘቀዝቀው በወላይታ ምድር አፈሩ ቀይና ለም፣ እንሰቱ በየደጃፉ የቆመ ሲሆን፣ ይህንኑ ቀይ አፈር በባዶ እግሩ እየረገጠ የሚያርሰውን ገበሬ እግሩን አሳብጦ ከሥራ የሚያስቀረው፣ ከገበያና ከማኅበር የሚያስወጣው፣ የልጆቹንም ጋብቻ የሚያሰናክለው ዝሆኔ የተባለው ደዌ ከብዙ ትውልድ ጀምሮ አብሮት ኖሯል። በ1970ዎቹ ዓመታት (በዚህ ትረካ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ፣ በሥጋ ደዌ የተያዙትን ለመርዳት ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ሲሆኑ፣ በደጋው አገር በብዛት የሚታየው ይህ የእግር እብጠት በትንኝ ከሚተላለፈው ትል የሚመጣ ሳይሆን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከተገኘ ቀይ አፈር ጋራ የተሣሠረ መሆኑን በጥናት አስረዱ፤ ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውንም የሕክምና ስም ያወጡለት እሳቸው ናቸው።

ነገር ግን በአንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ፣ አንድ ማሳ የሚያርሱ፣ ሁሉም ጫማ የሌላቸው ሰዎች ሳሉ አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ ሆኖ መቅረቱ አፈሩ ብቻውን የማይመልሰው ጥያቄ ነበረና፣ ፕራይስ የሕሙማንን የዘር ሐረግ እየጠየቁ፣ አባትን ከልጅ፣ እኅትን ከወንድም በመስመር እያያያዙ በወረቀት ላይ ጻፉ። ያ የምርምር መንገድ አጭር ነበረ። ከስም ወደ መስመር፣ ከመስመር ወደ ቍጥር የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ወረቀቱን የተቀበለ ሌላ ሊቅ በአንድ ቀን ውስጥ ተቀምጦ እንደ ገና ሊቈጥረው፣ የተሳሳተውንም ሊያርመው ይችል ነበር። እኔ ልተርክ የተነሣሁት ይኸው አጭር መንገድ በአርባ ዓመት ውስጥ እንዴት እንደ ረዘመ፣ ርዝመቱም ከዐይን እንዴት እንደ ሰወረው፣ ከዚያም በኋላ ሰዎች መልሰው ለማየት ምን እንዳደረጉ ነው።

በ2003 የታተመ አንድ ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰው 5.46 የሚሆነው በዚህ ደዌ መያዙን ገለጸ። በ2007 ደግሞ ጌይል ዴቪና የሥራ ባልደረቦቻቸው ደዌው በትውልድ ሲወርድ የታየባቸውን 59 የወላይታ ቤተሰቦች መርምረው፣ የታማሚ ወንድም ወይም እኅት የሆነ ሰው ከሌላው ሕዝብ ይልቅ አምስት ጊዜ ያህል (በትክክሉ 5.07) ለሕመሙ የተጋለጠ መሆኑን፣ በሰዎች መካከል ከሚታየውም የተጋላጭነት ልዩነት 63 በመቶው በዘር ውርስ የሚገለጽ መሆኑን አመለከቱ። ይህ ቍጥር በጆርናል ገጽ ላይ ሲነበብ ቀላል ይመስላል፤ በወላይታዋ ከተማ በሶዶ ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች ግን ከባድ ነገር ነበረ። ሕመሙ ከዘር ይመጣል የሚለው ወሬ አስቀድሞ ቤተሰብን የሚያዋርድ ሆኖ ሳለ፣ ሳይንስ መጥቶ ይህን ቢያጸናው ያልታመሙት ልጆች ሳይቀሩ ከጋብቻ ሊከለከሉ ይችላሉና። ስለዚህ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው ናሙና ከመውሰዳቸው አስቀድሞ፣ ለሕዝቡ ነገሩ እንዴት ቢገለጽ በነውር ላይ ነውር ሳይጨምር ፈቃዱን ዐውቆ ሊሰጥ እንደሚችል በዚያው በወላይታ መርምረው በ2009 አሳተሙ። ይህን ሥራ ከሚከተሉት ታላላቅ ግኝቶች አሳንሼ አላየውም። ምርምርን ለሌላው ግልጽ ማድረግ የሚጀምረው ከኮምፒውተሩ ሳይሆን፣ ናሙናውን ከሚሰጠው ገበሬ ዘንድ ነውና።

በ2012 የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ ታየ። ፋሲል ተኮላ አየለ በቀዳሚነት የጻፉት፣ ጌይል ዴቪ፣ ሜላኒ ኒውፖርት፣ አብርሃም አሰፋ፣ አዴቦዋሌ አዴየሞና ቻርልስ ሮቲሚ የተሳተፉበት ጥናት በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ወጣ። 194 ሕሙማንና 203 ጤነኞች በመላው ጂኖማቸው ላይ በተዘሩ በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠሩ ነጥቦች ተነጻጽረው፣ ከዚያም በ202 የወላጅና የልጅ ሦስትዮሾች ተፈትሸው፣ በስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ ኤችኤልኤ ክፍል ሁለት የተባለው፣ ሰውነት ባዕድ ነገርን የሚለይበት የዘረመል ስፍራ ከደዌው ጋራ የተያያዘ መሆኑ ተረጋገጠ። የፕራይስ ጥያቄም ቢያንስ የመልሱን ጫፍ አገኘ፤ በአንድ አፈር ላይ የቆሙ ሁለት ወንድማማቾች ልዩ ልዩ ዕጣ የሚገጥማቸው፣ ወደ እግራቸው ለገባው የአፈር ቅንጣት ሰውነታቸው የሚሰጠው መልስ አንድ ስላልሆነ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንባቢ ቆም ብሎ ከአንድ ናሙና ተነሥቶ እስከዚህ ፍርድ የሚደርሰው መንገድ ምን ያህል እንደ ረዘመ እንዲመለከት እለምናለሁ። ከመሣሪያው የወጣው ጥሬ ምልክት በመጀመሪያ ወደ ዘረመል ፊደል ይለወጣል፤ በቅጡ ያልተነበበ ናሙና ይወገዳል፤ በመዝገብ ሴት ተብሎ በዲኤንኤው ወንድ ሆኖ የተገኘ ካለ ናሙናው ተቀያይሯልና ይወጣል፤ ሳይታወቅ ዘመዳሞች የገቡ እንደ ሆነ አንዱ ይቀራል፤ የሕሙማኑና የጤነኞቹ የትውልድ ምንጭ ተመሳሳይ መሆኑ ይፈተሻል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ እያንዳንዱ ነጥብ ይመዘናል፤ በብዙ መቶ ሺህ ጊዜ የሚመዘን ነገር በአጋጣሚ ብቻ እውነት መስሎ ሊታይ ስለሚችልም እጅግ ጥብቅ የሆነ ወሰን ይደረግበታል። በየእርምጃው ተመራማሪው የሚመርጠው ቍጥር አለ፤ ምን ያህል ጕድለት ይታለፍ፣ ምን ያህል ዝምድና ይፈቀድ። ለየእርምጃውም ሌላ ሌላ ሶፍትዌር አለ፤ ፕሊንክ የሚባለው በ2007፣ ሳምቱልስ የሚባለው በ2009 የወጡ ሲሆኑ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሁልጊዜ እንዳለ አያነበውም። ባዮኢንፎርማቲክስ ማለት በአመዛኙ ይህ እርስ በርሱ የተቀጣጠለ የሥራ ሂደት ነው። በጆርናሉ ላይ ግን ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ስፍራ አንድ ወይም ሁለት አንቀጽ ነው።

በየገዳሙ መጽሐፍ የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ በተጻፈበት ገጽ ላይ ዐይኑ ከፊተኛው ወደ ኋለኛው ሲሻገር መካከሉን ሳያውቅ ይዘለዋል፤ ገልባጩ ደክሞ ወይም ሰንፎ አይደለም፣ የተረፈው ንባብ ገጥሞ ስለሚሄድ እንጂ። ስሕተቱ የሚገኘው ሌላ ሰው እናት መጽሐፉን ይዞ ቅጁን ሲያናብበው ብቻ ነው። አሁን የምተርከው ነገር በዚሁ ዐይነት የሆነ ነው፤ የሆነውም ከወላይታ በስተደቡብ በጐረቤት ተራራ ላይ ነው።

በዚያው በ2012 ሉካ ፓጋኒና ባልደረቦቻቸው 235 ሰዎች የተካተቱበትን የኢትዮጵያ ሕዝቦች የዘረመል ጥናት አሳተሙ፤ ወላይታም ከተጠኑት ሕዝቦች አንዱ ነበረ። በዚያው ዓመት ካትሪን አርተርና ጆን አርተር የተባሉ የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት፣ ከአንድ ዓመት በፊት የጋሞ ሽማግሌዎች መርተው ያሳዩአቸውን ሞታ የተባለ ዋሻ በጋሞ ደጋ ላይ ሲቈፍሩ፣ ከድንጋይ ክምር በታች በጐኑ የተጋደመ፣ እጆቹን ከራሱ በታች ያጠፈ፣ የድንጋይ መሣሪያዎች አብረውት የተቀበሩ የአንድ ወንድ አፅም አገኙ። ባይራ ብለው ሰየሙት። ከሞተ 4500 ዓመት ሆኖታል። በአፍሪካ ሙቀት የጥንት ዲኤንኤ ፈጥኖ ይጠፋል ተብሎ ተስፋ ተቈርጦ የነበረ ቢሆንም፣ የዋሻው ቅዝቃዜና የውስጠኛውን ጆሮ ያቀፈው ጥቅጥቅ አጥንት ጠብቀውት ስለ ተገኘ፣ እያንዳንዱ ስፍራ በአማካይ 12.5 ጊዜ ያህል ተነብቦ ሙሉ ጂኖሙ ሊጻፍ ቻለ። ከአፍሪካ የተገኘ የመጀመሪያው የጥንት ሰው ጂኖም ይህ ነው።

በጥቅምት ወር 2015 ማርኮስ ጋየጎ ዮረንቴ፣ አንድሪያ ማኒካ፣ ሮን ፒንሃሲና ባልደረቦቻቸው ይህን ጂኖም በሳይንስ ጆርናል አወጡ። ባይራ ከዛሬ ሕዝቦች ሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው ለኦሞአዊው የአሪ ሕዝብ ሆኖ ተገኘ፤ እርሱ ከሞተ በኋላም ከምዕራብ እስያ ወደ አፍሪካ የተመለሰ ሕዝብ እንዳለ ጥናቱ ገለጸ። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበረ። ነገር ግን ጸሐፊዎቹ ከዚህ አልፈው፣ የዚያ የተመላሹ ሕዝብ ደም በምሥራቅ አፍሪካ ብቻ ሳይወሰን እስከ ምዕራብ አፍሪካው ዮሩባና እስከ ኮንጎ ጫካው ምቡቲ ድረስ ደርሷል አሉ፤ የጽሑፉም ርእስ በመላው የአፍሪካ አህጉር የሚል ቃል ነበረበት። ወሬው ዓለምን ዞረ። እንግዲህ ከአፍሪካ ወገን ያልተቀላቀለ ማንም የለም ማለት ነው የሚለው ነገር የሰውን ሁሉ ልብ የሚስብ ነበረ።

የሐርቫርድ ሊቃውንት ፖንተስ ስኮግሉንድና ዴቪድ ራይክ ግን ዳታውን ተቀብለው ስሌቱን ራሳቸው ሲሠሩት ያው ውጤት አልወጣላቸውም። ነገሩን ለጸሐፊዎቹ አስታወቁ፤ ጸሐፊዎቹም ሥራቸውን እርምጃ በእርምጃ ወደ ኋላ ሄደው ሲመረምሩ ጕድለቱን አገኙት። አንድ ስክሪፕት ሳይሠራ ታልፎ ነበር።

ይህን ከቅርብ ሆነን እንየው። የተነበበው ጂኖም ቪሲኤፍ በሚባል ፋይል ይጻፋል፤ ይህም ተራ ጽሑፍ ነው፣ ለእያንዳንዱ የጂኖም ስፍራ አንድ መስመር ያለው። በመስመሩ ላይ በመጀመሪያ የስፍራው አድራሻ፣ ቀጥሎ የማመሳከሪያው ጂኖም ፊደል፣ ቀጥሎም የሰውየው ከማመሳከሪያው የተለየ ፊደል ይቀመጣል፤ ልዩነት ከሌለ በዚያ ስፍራ አንዲት ነጥብ ትደረጋለች። ሳምቱልስ ቍጥር 0.1.19 የባይራን ጂኖም በዚህ ሥርዐት ጻፈ። ይህ ፋይል በፕሊንክ ከዛሬ ሕዝቦች ዳታ ጋራ ከመዋሐዱ በፊት፣ ፕሊንክ እንዲረዳው አድርጎ መልኩን የሚለውጥ አጭር ስክሪፕት ነበረ፤ ያ ስክሪፕት ግን አልተሠራም። ስለዚህ ባይራ ከሁለቱም ወላጆቹ የማመሳከሪያውን ፊደል የወረሰባቸው ስፍራዎች ሁሉ፣ በትክክል ተነብበው ሳለ፣ እንዳልተነበቡ ተቈጥረው ወደቁ። ማመሳከሪያው ጂኖም በአመዛኙ በአሜሪካ ከተገኙ ጥቂት ለጋሾች የተሠራ ነው። ባይራ ከእርሱ ጋራ የሚስማማበት ተጥሎ የሚለይበት ብቻ ሲቀር፣ ሰውየው ከሌላው ዓለም ከእውነቱ ይልቅ የራቀ መስሎ ታየ፤ መለኪያው እርሱ ነበረና፣ ከእርሱ ጋራ የተመዘነው የዛሬው አፍሪካዊ ሁሉ ወደ አውሮፓና እስያ የቀረበ መሰለ። ኮምፒውተሩ ምንም አላቆመም፣ የስሕተት ምልክትም አላሳየም። ቍጥሮቹ ወጡ፣ ሥዕሎቹም ተሣሉ፤ የተረፈው ንባብ ገጥሞ ሄዶ ነበር።

በ2016 መጀመሪያ ላይ ጸሐፊዎቹ ስሕተቱን በግልጽ ጽፈው፣ ያልተሠራውን እርምጃ በስሙ ጠርተው፣ ላሳዩአቸው ለስኮግሉንድና ለራይክ ምስጋና አቅርበው እርማቱን አሳተሙ። የጽሑፉም ርእስ ተለውጦ በምሥራቅ አፍሪካ የሚል ሆነ። በምሥራቅ አፍሪካ ያለው የመልስ ፍልሰት እውነት ሆኖ ጸና፤ የዮሩባና የምቡቲው ግን ተሻረ። እኔ በዚህ ነገር ሁለቱንም ወገኖች አከብራለሁ፤ ይሁን እንጂ ለሁለቱም ዕድል የሰጣቸው ዳታው ለሌላ ሰው የሚደርስ ሆኖ መቀመጡ ነው። ዳታው ተቈልፎ ቢሆን ኖሮ ያ ስሕተት ዛሬ በየዩኒቨርሲቲያችን የታሪክ ትምህርት ገብቶ ለልጆቻችን ይነገር ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን የስሌትን መንገድ በግልጽ ለመጻፍ የሚደክሙ ሰዎች ሥራቸውን ከጀመሩ ቈይተዋል። ጋላክሲ የተባለው ሥርዐት በ2005 የወጣ ሲሆን ኮድ መጻፍ የማያውቅ ሰው እንኳ እርምጃዎቹን በሥዕል እያያዘ እንዲሠራ ያደርገዋል፤ ስኔክሜክ በ2012፣ በባርሴሎና የተሠራው ኔክስትፍሎው በ2013 ተከተሉ፤ በ2014 ደግሞ የአንዱን ሥራ ሌላው በማናቸውም ሥርዐት እንዲያስኬደው የጋራ የሆነ የሥራ ሂደት ቋንቋ የማውጣት ሥራ ተጀመረ። የሁሉም ጥበብ በመሠረቱ አንድ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚያስረክብ አስቀድሞ በጽሑፍ ይናገራል፤ የሚቀበለው ነገር ካልቀረበለት አይነሣም፤ የተጠቀመበት ሶፍትዌር ከነቨርዥኑ በኮንቴይነር ታሽጎ አብሮት ይጓዛል፤ ስለዚህ በካምብሪጅ የተሠራው በሶዶ ላይ ያለ ለውጥ ይሠራል። እነዚህ ሥርዐቶች ስሕተትን ሁሉ ያጠፋሉ ማለቴ አይደለም። የባይራው ስክሪፕት በሂደቱ ውስጥ ከመጀመሪያው ባይጻፍ ኖሮ ኔክስትፍሎውም ቢሆን ዝም ብሎ ያስኬደው ነበር። ነገር ግን ከሳምቱልስ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ፕሊንክ የሚሄደውን ቀስት ሌላ ሰው በአንድ ገጽ ላይ ሊያየው፣ በመካከላቸውስ ምን አለ ብሎ ሊጠይቅ ይችል ነበር፤ እርምጃው ተጽፎ ከነበረ ደግሞ ሊዘለል አይችልም ነበር።

በወላይታው ጥናት ስማቸው የተጠራው ቻርልስ ሮቲሚ፣ የአፍሪካ የሰው ዘረመል ማኅበር መሥራች ፕሬዚዳንት እንደ መሆናቸው፣ በ2010 ይፋ የሆነው ኤች ሦስት አፍሪካ የተባለው ታላቅ የጂኖም ምርምር ውጥን እንዲቋቋም ከደከሙት ዋነኞች አንዱ ናቸው። በዚሁ ሥር በኬፕታውኗ ሊቅ በኒኮላ ሙልደር መሪነት የተቋቋመው የባዮኢንፎርማቲክስ መረብ በ2016 ባለሙያዎችን በፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ሰብስቦ አራት የስሌት ሂደቶችን በጋራ አሠራ፤ ከአራቱ አንዱ ሕሙማንንና ጤነኞችን በመላው ጂኖማቸው የሚያነጻጽረው፣ ማለትም በወላይታ ላይ የተሠራበት ዐይነት ነበረ። የሠሩበትንም ምክንያት ሳይሸሽጉ ጻፉት፤ በአፍሪካ ያሉት ቤተ ሙከራዎች የኮምፒውተር ዐቅማቸው እጅግ የተለያየ ስለ ሆነ፣ በአንዱ ዘንድ የተሠራው ሂደት በሌላው ዘንድ ሳይሰበር መሄድ ነበረበት። መብራት በሚጠፋበትና ኢንተርኔት በሚቈራረጥበት አገር ለምንሠራ ለእኛ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፦ ኔክስትፍሎው የጨረሰውን እርምጃ ስለሚመዘግብ፣ በመንገድ ላይ የተቋረጠ ስሌት ከተቋረጠበት ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያ አይነሣም። የሦስት ቀን ስሌት በሁለተኛው ሌሊት መብራት ጠፍቶበት የሚያውቅ ተመራማሪ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አስረጂ አያሻውም።

በ2021 ቴዎድሮስ ገብረሥላሴና ባልደረቦቻቸው የ2012ቱን ግኝት በወላይታ፣ በአማራና በኦሮሞ ሕዝቦች ላይ እንደ ገና ፈትሸው ያው የኤችኤልኤ ስፍራ ከደዌው ጋራ የተያያዘ መሆኑን በሳይንቲፊክ ሪፖርትስ አሳተሙ። በዚያው ዓመት ሳዮአ ሎፔዝ፣ አየለ ታረቀኝ፣ ጋሬት ሄለንታልና ሌሎችም ከ68 የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች የተገኙ 1214 ሰዎችን ዘረመል ሲያጠኑ፣ ከሚያነጻጽሩባቸው አንዱ አድርገው ይዘውት የነበረው ያንኑ የሞታ ዋሻን ሰው ነው። የታረመ ሥራ በሌላው ሥራ ውስጥ ገብቶ ሲያገለግል የሚታየው እንዲህ ነው። የወላይታው ግኝት በሦስት ሕዝቦች ላይ ተደግሞ መጽናቱም ከመጀመሪያው ግኝት ያነሰ ክብር የሚገባው አይደለም።

እንግዲህ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲና በየአካባቢው ኮሌጆች ባዮሎጂን፣ ስታቲስቲክስንና ኮምፒውተርን የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያስረክብ፣ ከጽሑፉ ጋራ የስሌቱን መንገድ ከመጀመሪያው ፋይል እስከ መጨረሻው ሥዕል፣ ከነሶፍትዌሩ ቨርዥንና ከመረጠው ወሰን ሁሉ ጋራ በአንድ ማኅደር አድርጎ እንዲያስረክብ፣ ሌላም ተማሪ ያንን ተቀብሎ ከባዶ ኮምፒውተር ላይ ተነሥቶ ያንኑ ውጤት እስኪያገኝ ድረስ ጽሑፉ እንዳይጸድቅ አድርጉ። ውጤቱ ያልተገኘ እንደ ሆነም አስረካቢውን አትቅጡት፤ ሁለቱን አብራችሁ አስቀምጡና የተለያዩበትን እርምጃ ይፈልጉ። የወላይታ ገበሬ ናሙናውን የሰጠው ፈቃዱን ተጠይቆ፣ ነገሩም በቋንቋው ተገልጦለት ነው፤ ከዚያ ናሙና የተሠራውን ስሌት የገዛ ልጆቹ በሶዶ ላይ ተቀምጠው እንደ ገና ሊሠሩት የሚችሉ ሆነው እንዲያድጉ ማድረግ የእናንተ ፈንታ ነው።